የመኪና መብራት እምቢ ሲል፦ ዕቃ ከመቀየርዎ በፊት ይለኩ

ፍሬን በያዝኩ ቁጥር የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ ይላል። የግራውን ፍሬቻ ሳሳይ የኋላው ፓርኪንግ መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የነበረችኝ የቆየች ኮሮላ ያመጣችው ጣጣ ይህ ነበር። ጋራዥ ወሰድኳት፤ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ፍላሸሯ ተቀየረ። ለውጥ የለም። ተመልሼ ስሄድ "ማብሪያው ነው" ተባልኩ፤ እሱም ተቀየረ። አሁንም ያው። በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፉ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድ ደረስኩ። ምንም ዕቃ ግዛ አላሉኝም። የኋላውን ከፍተው ከመብራቱ ጀርባ ያለች አንዲት ብሎን ፈቱ። ሥሯ የዛገውን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉ፤ መልሰው አጠበቁ። አለቀ።

ብሎኗ የማሳ ብሎን ነበረች፤ ኃይሉ ወደ ባትሪው የሚመለስባት። ሁለት ደህና ዕቃ አስወልቆ ሁለት አዲስ ያስገዛኝ ትንሽ ዝገት ነው። ከዚያ ወዲህ መብራት እምቢ ባለኝ ቁጥር ቮልት መለኪያዬን፣ ቴስተሬን ሳላወጣ መለዋወጫ ፍለጋ ሱማሌ ተራ አልሄድም። እዚህ የምጽፈው አካሄድ ያኔ ባውቀው ኖሮ ብዬ የምቆጭበትን ነው። ማንም ሰው ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሊሠራው ይችላል።

መንገዱን ይወቁት

የመብራት ኃይል ከባትሪው ፖዘቲቭ ይነሣል። በፊውዝ በኩል ያልፋል፤ ጋራዥ ውስጥ ቫልቮላ ሲባል የሚሰሙት እሱ ነው። ከዚያ በማብሪያው ወይም በሪሌ (ማብሪያው በትንሽ ኃይል የሚያዘው፣ ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ) በኩል አምፖሉ ጋ ይደርሳል። አምፖሉን አብርቶ ግን እዚያ አይቀርም፤ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ መመለስ አለበት። መመለሻው አብዛኛውን ጊዜ የመኪናው የራሱ ብረት ነው። አጭር ሽቦ ከአምፖሉ ቤት ተነሥታ በብሎን ብረቱ ላይ ትታሰራለች። ማሳ የምንለው ይህንን ነው።

ከእነዚህ አንዱ ከተቋረጠ መብራት የለም። በከፊል ከተዘጋ ደግሞ መብራቱ ይደክማል። አንዳንዴም ኃይሉ በሌላ አምፖል በኩል መውጫ ፈልጎ ይመለሳል። የእኔ ኮሮላ ፍሬቻና ፓርኪንግ ያደባለቀችው በዚህ ምክንያት ነው። የማይገናኙ መብራቶች አብረው ሲያብዱ ካዩ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማሳ ነው።

ምን ያስፈልጋል?

ዲጂታል ቴስተር ያስፈልጋል። ውድ መሆን የለበትም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ለቤት መብራት የምንጠቀምበት፣ እጀታው ውስጥ ትንሽ መብራት ያላት ካቻቢቴ እዚህ አትሠራም። እሷ የተሠራችው ለ220 ቮልት ነው። የመኪና 12 ቮልት አያበራትም። በእሷ ለክተው "ኃይል የለም" ብለው ሽቦ የሚበጥሱ ሰዎች አይቻለሁ።

ሁለተኛው መሣሪያ በእጅ የሚሠራ ነው። ባለ 21 ዋት አንድ አሮጌ የፍሬን አምፖል ከነቤቱ ይያዙ። ሁለት ረዘም ያሉ ሽቦዎች ይቀጥሉበት፤ ጫፋቸው ላይ መቆንጠጫ ያድርጉ። ይህ የሙከራ አምፖል ቴስተሩ የማያየውን ያያል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ከዚህ ሌላ ብርጭቆ ወረቀት፣ ናስትሮ፣ ካቻቢቴ፣ ጥቂት መለዋወጫ ፊውዞችና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቢጫ ልባስ ያላቸውን የኤርባግ ሽቦዎች በምንም ነገር አይንኩ። በአዳዲስ መኪኖችም መብራቱን የሚያዘው ኮምፒውተር ስለሆነ የሙከራውን አምፖል ከኮምፒውተሩ በሚወጣ ሽቦ ላይ አያገናኙ። እዚያ በቴስተር ብቻ ይለኩ።

መጀመሪያ በዓይን

ምንም ከመንቀልዎ በፊት መብራቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ያብሩ። ፓርኪንግ፣ አጭር፣ ረጅም፣ የግራና የቀኝ ፍሬቻ፣ አራቱንም ፍሬቻ በአንድ ላይ፣ ፍሬን፣ የኋላ ማርሽ፣ የታርጋ መብራት። ሰው ከሌለ የኋላውን ወደ ግድግዳ አስጠግተው በመስታወት ይመልከቱ። የሠራውንና ያልሠራውን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ይህ ጊዜ ማባከን ሊመስል ይችላል፤ ግን ግማሹን ሥራ የሚሠራው ይህ ወረቀት ነው።

አንድ አምፖል ብቻ ጠፍቶ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ችግሩ አምፖሉ ራሱ፣ ቤቱ ወይም የእሱ ማሳ ነው። ወደ ማብሪያው መሄድ አያስፈልግም። የኋላ ፓርኪንግ፣ የታርጋ መብራትና የዳሽቦርዱ መብራት አብረው ከጠፉ አንድ ፊውዝ ነው፤ በብዙ ቶዮታዎች ሦስቱም በአንድ ፊውዝ ሥር ናቸው። የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ "TAIL" (ቴይል) ተብሎ ተጽፎ ያገኙታል። የፍሬን መብራት ግራም ቀኝም ሲጠፋ ሁለት አምፖል በአንድ ቀን ተቃጠለ ከማለት በፊት ፊውዙንና ፔዳሉ ላይ ያለውን ማብሪያ ይመልከቱ።

የፊት መብራት ሁለቱም ሲጠፋ ነገሩ ትንሽ ይለያል። በብዙ መኪኖች ግራና ቀኙ የየራሳቸው ፊውዝ አላቸው። ሁለቱ ፊውዞች አብረው መቃጠላቸው ብዙም አይገጥምም። ስለዚህ ሪሌው ወይም ማብሪያው ይጠረጠራል። ነገር ግን ሌላም አለ። አንዱ አምፖል ከወር በፊት ተቃጥሎ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ ሁለተኛው ትናንት ማታ ሲቃጠል ባለቤቱ "ሁለቱም በአንዴ ጠፉ" ይላል። በከተማ የመንገድ መብራት ሥር የሚነዳ ሰው አንዱ መጥፋቱን ላያስተውል ይችላል። አደጋው ግን ቀላል አይደለም። ከፊት ለሚመጣው ሹፌር አንድ መብራት ብቻ ያለው መኪና ሞተር ሳይክል ይመስለዋል፤ በዚያ ግምት ነው መንገድ የሚያካፍልዎት።

ባትሪና ዲናሞ

ሁሉም መብራት የደከመ ከሆነ አምፖል አይንኩ። ኮፋኖውን ይክፈቱና ባትሪውን ይለኩ። ቴስተሩን በቀጥታ ቮልት (DC) ላይ ያድርጉት። መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ጠፍቶ ከቆመ በኋላ 12.6 ቮልት ካነበበ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.4 ቢያነብ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 12 ከሆነ ባዶ ሊባል ይችላል። ቀጥሎ ሞተሩን ያስነሡ። አሁን ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ማንበብ አለበት። ካልጨመረ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ አይደለም።

ከ15 ቮልት በላይ ካነበበ ሌላ ችግር አገኙ ማለት ነው። በየወሩ አምፖል የሚቃጠልብዎት ከሆነ መልሱ እዚህ ሊሆን ይችላል። አምፖል ብዙ ቮልት ሲበዛበት ዕድሜው በጣም ያጥራል። የዲናሞው መቆጣጠሪያ ሳይታይ አምፖል መቀያየር በቀዳዳ ቋት ውኃ እንደመሙላት ነው።

የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ካለ ያጽዱት። ሲፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድመው ይፍቱ፤ ሲያስሩ ኔጌቲቩን መጨረሻ ይሰሩ። እንዲህ ካልሆነ ቁልፉ ብረት ሲነካ ብልጭታ ይፈጥራል። በሙቅ ውኃ አጥበው፣ አድርቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተው ካሰሩ በኋላ ቀጠን አድርገው ቫዝሊን ይቀቡት።

አምፖሉ

አምፖሉን ይንቀሉና ብርሃን ላይ ይዩት። ክሩ ተበጥሶ ወይም ብርጭቆው ውስጡ ጠቁሮ ከሆነ ግልጽ ነው። ግን ዓይን ይሳሳታል። ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማው ቦታ አድርገው ሁለቱን የአምፖሉን መገናኛዎች ይንኩ። ከጮኸ ክሩ ደህና ነው። ከዚህም የቀለለው ከሌላው ጎን ጋር ማቀያየር ነው። አምፖሉ ወዲያ ሄዶ ከበራ ችግሩ አምፖሉ አይደለም።

የፊት መብራት ሃሎጅን አምፖል ብርጭቆውን በባዶ ጣት አይያዙ። የጣት ቅባት በሚግለው ብርጭቆ ላይ ትኩስ ቦታ ይፈጥርና ያፈነዳዋል፤ ወይም ዕድሜውን ያሳጥራል። ከነኩት በአልኮል ይጥረጉት። ሲያወጡትም ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።

የኋላው አምፖል ላይ ብዙ ስሕተት ይሠራል። ለፓርኪንግም ለፍሬንም የሚያገለግለው አምፖል ሁለት ክር አለው፤ 21 እና 5 ዋት። ጎኑ ላይ ያሉት ሁለት ጉጦች አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ ነው። ይህ ዝም ብሎ አልተሠራም፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገባ ነው። ሰው ግን አንድ ክር ያለውን አምፖል ገፍቶ ያስገባዋል። ያን ጊዜ ከታች ያሉት ሁለት መገናኛዎች በአንድ ላይ ይያያዛሉ። ከዚያ በኋላ ፍሬን ሲይዙ ፓርኪንግና ዳሽቦርድ አብሮ ይበራል። ማሳ የተበላሸ ይመስላል፤ ግን አምፖሉ ነው። ስለዚህ ማሳ ከመፈለግዎ በፊት የሁለቱንም ጎን አምፖሎች አውጥተው ዓይነታቸውን ያረጋግጡ።

የአምፖሉን ቤትም ይዩ። መገናኛዋ ምላስ ወደ ውስጥ ተጫና ቀርታ ይሆናል፤ መኪናው ጠፍቶ በካቻቢቴ ቀስ ብለው ያንሷት። የቀለጠ ወይም የጠቆረ የፊት መብራት ሶኬት ካዩ ደግሞ ከዚህ በፊት 100/90 ዋት አምፖል ገብቶ እንደነበር ይጠርጥሩ። መኪናው ሲሠራ የተሰጠው 60/55 ዋት ነው። 55 ዋት በ12 ቮልት 4.6 አምፔር ያህል ይስባል። 90 ዋት ግን 7.5 አምፔር ይስባል። ሽቦውና ሶኬቱ ለዚያ አልተሠሩም። መብራቱ ለጥቂት ወራት ያምራል፤ ከዚያ ሶኬቱ ይቀልጣል። እንዲህ ዓይነቱን ሶኬት አጽድተው አይመልሱት፤ ይቀይሩት።

ፊውዙ

አብዛኛው መኪና ሁለት የፊውዝ ሳጥን አለው። አንዱ በሹፌሩ ጉልበት አጠገብ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ሌላው ኮፋኖ ውስጥ። ፊውዝን አውጥቶ በዓይን ማየት ይቻላል፤ የተሻለው ግን ሳያወጡ መለካት ነው። ፊውዙ አናት ላይ ሁለት ትንንሽ ክፍት ቦታዎች አሉ። መብራቱን ያብሩ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያድርጉ። በቀዩ ሁለቱንም ቦታዎች ይንኩ። ሁለቱም 12 ካሉ ፊውዙ ደህና ነው። አንዱ ብቻ ካለ ተቃጥሏል። ሁለቱም ከሌሉ ኃይሉ ፊውዙ ጋ ራሱ አልደረሰም።

ቀለማቸው አምፔራቸውን ይናገራል። ቡናማ 7.5፣ ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 ነው። በወጣው ልክ ይተኩ። እባክዎን በፊውዝ ቦታ የመዳብ ሽቦ አያስሩ፤ በሲጋራ ወረቀት አይጠቅልሉ። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ፊውዙን ካሰናከሉት ቀጥሎ የሚግለው እግርዎ ሥር ያለው ሽቦ ነው፤ መኪና የሚያቃጥለውም እሱ ነው።

ቴስተሩ ሲያታልል

አሁን አምፖሉም ፊውዙም ደህና ነው፤ መብራቱ ግን የለም። አምፖሉ ቤት ላይ ይለኩ። ማብሪያው በርቶ፣ ጥቁሩ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩ የአምፖሉ ቤት ፖዘቲቭ ላይ። 12 ቮልት ካነበበ ብዙ ሰው "ኃይል ደርሷል" ብሎ ይደመድማል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

ቴስተር የሚስበው ኃይል ከምንም አይቆጠርም። ሃያ ክር ያለው ሽቦ ተበጣጥሶ አንዲት ክር ብቻ ብትቀር ቴስተሩ 12 ቮልት ያሳያል። አምፖሉ ሲገባ ግን ያች ክር አትችለውም፤ ቮልቱ ወዲያው ይወድቃል። ስለዚህ የሙከራውን አምፖል ያገናኙ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሚለካው ቦታ ላይ። ደምቆ ከበራ መንገዱ እውነትም ደህና ነው። ከደበዘዘ ወይም እምቢ ካለ ከፊውዙ እስከዚህ ድረስ የሆነ ቦታ ሽቦው ወይም መገናኛው ተበልቷል። ከዚያ ወደ ፊውዙ እየተጠጉ በየሶኬቱ ይሞክሩ። ደምቆ በሚበራበትና በማይበራበት ሁለት ቦታ መካከል ችግሩ አለ።

ማሳ

ወደዚህ ስደርስ ረጋ ብዬ መሄድ እፈልጋለሁ። የብዙ መኪና ችግር ያለው እዚህ ነው፤ የሚዘለለውም ይኸው ነው።

አምፖሉን በቦታው አስገብተው ያብሩት። ባይበራም ማብሪያው ይብራ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የአምፖሉ የማሳ ሽቦ ላይ ያድርጉ። ማሳው ደህና ከሆነ ቮልቱ ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ እስከ 0.2 ቮልት ቢሆን አያሳስብም። ግማሽ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካነበበ በመመለሻው ላይ እንቅፋት አለ። 12 ቮልት ካነበበ ማሳው ጨርሶ ተቆርጧል። ይህን ሲያዩ ግራ አይጋቡ፤ ኃይሉ አምፖሉን አልፎ መጥቶ መውጫ አጥቶ መቆሙ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ረጅም ሽቦ ይውሰዱ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አስረው ሌላውን የአምፖሉ ማሳ ላይ ያስነኩ። መብራቱ ቦግ ካለ ጥፋተኛው ተገኘ። አሁን የማሳውን ሽቦ ተከትለው የታሰረበትን ብሎን ይፈልጉ። የኋላዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከመብራቱ ጀርባ ብረቱ ላይ ናቸው። የፊቶቹ ከፊት መብራቱ አጠገብ ወይም በፓራፋንጎው ውስጠኛ ጎን ይገኛሉ። ግጭት ደርሶበት ቦዲ የተሠራ መኪና ላይ ደግሞ ብሎኑ በቀለምና በስቱኮ ተሸፍኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ቀለም ኃይል አያሳልፍም።

ብሎኑን ፍቱት። ሥሩ ያለውን ብረት የሚያብረቀርቅ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ይሹ። የሽቦውን ቀለበትም እንዲሁ። ጠበቅ አድርገው ሲያስሩ ከላይ ቫዝሊን ወይም ግራሶ ይቀቡ፤ ውኃ እንዳይገባ። ከዚያ ደግመው ይለኩ። ቁጥሩ ካልወረደ ብሎኑ አይደለም፤ ሽቦው መሐል ላይ ተበልቷል። ያን ጊዜ አዲስ ሽቦ ዘርግተው ንጹሕ ብረት ላይ ማሰር ይሻላል።

የቆዩ ቶዮታ ባለቤቶች አንድ ነገር ይወቁ። በብዙዎቹ የፊት መብራት ላይ ማብሪያው የሚያቋርጠው ፖዘቲቩን አይደለም፤ የማሳውን ወገን ነው። አምፖሉ ጋ 12 ቮልት ይመጣል፤ አጭርና ረጅም የሚለየው በመመለሻው ነው። ስለዚህ ማብሪያው ሲጠፋ ሦስቱም መገናኛ ላይ 12 ቮልት ቢያነቡ አይደንግጡ። ተጨማሪ ሪሌ የሚያስገባ ሰው ይህን ሳያውቅ እንደ ሌላ መኪና ካሰረው መብራቱ በትክክል አይሠራም።

ሪሌ፣ ማብሪያና ፍሬቻ

ሪሌ ሲሠራ "ቀጭ" ይላል። ጆሮ ካልሰማ ጣትዎን አሳርፈው ማብሪያውን ያብሩ። አብዛኛውን ጊዜ በሳጥኑ ውስጥ አንድ ዓይነት ሪሌ ሁለት ሦስት ቦታ አለ። ቁጥሩ አንድ ከሆነ የጥሩንባውን አምጥተው ይሞክሩ። ሪሌ በሌላቸው የቆዩ መኪኖች የፊት መብራቱ ኃይል በሙሉ የሚያልፈው መሪው ሥር ባለው ማብሪያ ነው። ከበራ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማብሪያው ከጋለ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ውስጡ ተበልቷል።

የፍሬን መብራት ማብሪያ ከፔዳሉ በላይ ነው። ጎንበስ ብለው ያገኙታል። ሲበላሽ ሁለት ዓይነት ችግር ያመጣል። አንደኛው፣ ፔዳሉ ተረግጦ መብራት አለመኖሩ። ሶኬቱን ነቅለው ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ ሁለቱን ቢያያይዟቸውና የኋላው ከበራ ማብሪያው ሞቷል። ሁለተኛው ደግሞ መብራቱ አልጠፋ ማለቱ ነው። ፔዳሉ ላይ ማብሪያውን የምትገፋ ትንሽ ላስቲክ አለች። ስታረጅ ትሰባበርና መሬት ላይ ትወድቃለች። የማብሪያው ዘንግ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ያድራል፤ ጠዋት ባትሪ የለም። ወለሉ ላይ የላስቲክ ፍርፋሪ ካገኙ ማብሪያ አይግዙ፤ ላስቲኳን ብቻ ይተኩ።

ፍሬቻ በአንድ ጎን ብቻ ቶሎ ቶሎ ካለ በዚያ ጎን አንድ አምፖል ጠፍቷል ወይም ዋቱ ያነሰ ገብቷል። መኪናው እየነገርዎት ነው። ኤልኢዲ አምፖል ካስገቡ በኋላ ከጀመረ ምክንያቱ ኤልኢዲው በጣም ጥቂት ኃይል መሳቡ ነው፤ ለኤልኢዲ የተሠራ ፍላሸር ይፈልጋል። በሁለቱም ጎን ካልሠራ አራቱን ፍሬቻ በአንድ ላይ ያብሩ። እሱ ከሠራ አምፖሎቹ ደህና ናቸው፤ የፍሬቻውን ፊውዝና ማብሪያውን ይዩ።

ፊውዝ እየደጋገመ ሲቃጠል

አዲስ ፊውዝ ሲያስገቡ ወዲያው ጠፍ ካለ ሽቦ ብረት ነክቷል ማለት ነው። ሰባት ስምንት ፊውዝ ማቃጠል አያስፈልግም። ፊውዙን አውጥተው በእሱ ቦታ የሙከራውን አምፖል ሁለት ጫፎች ያስገቡ። አሁን አምፖሉ ኃይሉን ስለሚገድበው ሽቦው አይቃጠልም። ማብሪያውን ሲያበሩ ሙሉ በሙሉ ደምቆ ከበራ ንክኪው አለ።

ከዚያ በዚያ ፊውዝ ሥር ያሉትን አምፖሎችና ሶኬቶች አንድ በአንድ ይንቀሉ። አንዱን ሲነቅሉ የሙከራው አምፖል ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ንክኪው በዚያ መስመር ላይ ነው። ሁሉም ተነቅሎም ደምቆ ከቀጠለ ሽቦውን ራሱን እያነቃነቁ ይሂዱ፤ ብልጭ ድርግም ያለበት ቦታ እሱ ነው። ይህን ሥራ ሁለት ሰው ቢሠራው ይፈጥናል፤ አንዱ ሽቦ ያነቃንቃል፣ አንዱ አምፖሉን ያያል።

ሽቦ የት ይበጠሳል?

እንደ ቪትዝና እንደ ሚኒባስ የኋላ በራቸው ወደ ላይ በሚከፈት መኪኖች መጀመሪያ የማየው ማጠፊያው ጋ ያለውን የላስቲክ ቱቦ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦዎቹ ይታጠፋሉ። ዓመት ሲቆጠር ውስጥ ውስጡን ይበጠሳሉ። የታርጋ መብራት፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሦስተኛው የፍሬን መብራትና የኋላ መጥረጊያ አብረው ከጠፉ ሌላ ቦታ አይድከሙ። ቱቦውን ገፈፍ አድርገው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሳብ ያድርጉ፤ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ውስጡ የተበጠሰ ነው።

መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪኖች ሌላ ጣጣ አላቸው። መሪ ሲዞር ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ሽቦ ተቆርጦ ይቀጠላል። የቅጥሉ ጥራት እንደ ሠራተኛው ነው። ጠምዘዝ ተደርጎ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ቅጥል ካዩ ፈትተው በስታኞ ያስበይዱት። በሙቀት የሚጠብ ላስቲክ ቱቦ ካለበሱት በኋላ ዳግመኛ አይነኩትም። ኋላ የተጨመረ የጭጋግ መብራት ወይም የጌጥ ኤልኢዲ ካለም መጀመሪያ እሱን ይንቀሉ። ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ ልጦ መቀጠል በጣም የተለመደ ነው።

ክረምት ሲገባ መብራት ውስጥ ውኃ ይገባል። ብርጭቆው ላይ የምትታይ ቀላል ጉም ፀሐይ ሲወጣ ከጠፋች ችግር የለም። ውኃ ከተጠራቀመ ግን የጀርባው ላስቲክ ክዳን ወይም የኋላው መብራት ጎማ ለቋል። አውጥተው ያድርቁ፤ ጎማውን ይቀይሩ። ብዙ ሰው ለቦሎ ምርመራ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው የሚያስታውሰው። ያኔ የአምፖሉ ቤት ዝጎ አልቋል።

የጭነት መኪና ላላችሁ፦ ኤን ፒ አርና ሲኖትራክ 24 ቮልት ናቸው። የ12 ቮልት አምፖል ካስገባችሁበት ወዲያው ይቃጠላል። የመለኪያ ቁጥሮቹንም እጥፍ አድርጋችሁ አስቡ፤ አካሄዱ ያው ነው። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም መብራታቸው የሚሠራው በትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። እሷንና ፊውዞቿን መለካት ይቻላል። ብርቱካንማ ልባስ ያለው ወፍራም ገመድ ግን ገዳይ ቮልት ተሸካሚ ነው፤ ለሠለጠነ ባለሙያ ይተውት።

ሲጨርሱ ግድግዳ ላይ ይሞክሩ

የፊት አምፖል ከቀየሩ ሥራው አላለቀም። ሲመሽ ሜዳ ቦታ ላይ መኪናውን ከግድግዳ 5 ሜትር አርቀው ያቁሙ። ጎማዎቹ አየራቸው የተስተካከለ ይሁን። የመብራቱን መሐል ከመሬት ለክተው ግድግዳው ላይ በዚያው ከፍታ ምልክት ያድርጉ። አጭሩን መብራት ያብሩ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መታየት አለበት። ካልሆነ ከመብራቱ ጀርባ ባለው ማስተካከያ ብሎን ያስተካክሉ።

የጠርዙንም ቅርጽ ይመልከቱ። በመንገዱ ቀኝ በኩል ለሚነዳበት አገር የተሠራ መብራት ወደ ቀኝ ከፍ ይላል፤ የእግረኛውን መንገድ ለማሳየት። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ግን ወደ ግራ ከፍ ይላል። መሪው ዞሮ መብራቱ ካልተቀየረ፣ አምፖሉ አዲስ ቢሆንም ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ነው የሚመታው። ማታ ማታ ሰዎች ያለ ምክንያት ረጅም መብራት እያበሩ የሚያስጠነቅቁዎት ከሆነ ይህን ይፈትሹ። በማስተካከያ ብሎን አይድንም፤ ሙሉውን የፊት መብራት በግራ መሪ መኪና መብራት መተካት ነው ያለው መፍትሔ።